ከስም ቀጥሎ

አሮጌው ኮምፒውተር የተቃጠለው የገና ሰሞን፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ነው። አዲሱ ተገዝቶ አሰላ እስኪደርስ ፋሲካ አለፈ። ደርሶም ከሦስቱ የብረት ጎተራዎች የሁለቱን ሙቀት ብቻ አሳየ። ከሁሉም ቀድሞ የተተከለውና ሠራተኞቹ «ሽማግሌው» የሚሉት የጥጉ ጎተራ በስክሪኑ ላይ ባዶ ሰረዝ ሆኖ ቀረ።

የገበሬዎች ዩኒየኑ መጋዘን ኃላፊ ወይዘሮ ከበደች በዚያች ሰረዝ የተነሣ እንቅልፍ አጥተዋል። ሽማግሌው ውስጥ ያለው ለጠላና ለቆሎ የሚሆን ገብስ አይደለም፤ ዘር ነው። ግንቦት ሲያልቅ ለጮሌ ወረዳ ገበሬዎች ተከፋፍሎ ሰኔ ላይ መሬት የሚገባ ዘር። ዘር ተቆልሎ ሲሞቅ ይሞታል። መሞቱ ደግሞ አያስታውቅም። መልኩ ያው ነው፣ ክብደቱ ያው ነው፣ ሲዘግኑትም ያው ነው። ገበሬው የሚያውቀው ዘርቶ፣ ጠብቆ፣ ማሳው እንደ ጠቆረ ሲቀርበት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ዘር ፈልጎ ለመዝራት ወቅቱ አልፏል።

«ሙቀቱን ብቻ ንገረኝ» አሉት ነህምያን። «ደህና ከሆነ አስጭናለሁ። ካልሆነ አላስጭንም። ሳላውቅ ግን የሰው ዓመት ላይ አልፈርምም።»

ነህምያ የመጋዘኑ ሠራተኛ አይደለም። የመርሻ ልጅ ነው፤ የተጠራውም በዚሁ ነው። አባቱ መርሻ ሽማግሌው ከተተከለበት ጊዜ ጀምሮ የመጋዘኑ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሲሞት ልጁ ፊንላንድ ነበር፤ ለቀብሩ አልደረሰም። የመጣው ዓመቱ ካለፈ በኋላ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ከተመለሰ በኋላ ነው። አሁንም መንገድ ላይ ያገኙት «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉታል። «አሜን» ይላል። ቃሉ ከአፉ የሚወጣው በር ሲንኳኳ «ማነው» እንደሚባለው ነው። አላለቀሰም። የማልቀሻው ጊዜ ያለፈ ይመስለዋል፣ ወይም ገና ያልደረሰ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅም አልጓጓም።

«ለምን ተመለስክ?» ሲሉት መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። ለጸሎት ቤቱ ሰዎች «የጌታ ፈቃድ ነው» ይላል። ለአንድ የባጃጅ ሾፌር «ብርዱ ሰልችቶኝ» ቢለው፣ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶት «ብርድ ሸሽተህ አሰላ?» አለውና እስኪወርድ ድረስ ብቻውን ሳቀ። የስልኩ አየር ሁኔታ እስከ ዛሬ የሚያሳየው እዚያ የነበረበትን ከተማ ነው። መቀየር ይችል ነበር። አልቀየረውም።

ፊንላንድ የሠራው የአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን የኔትወርክ ክፍል ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነው። ስለዚህ የሽማግሌው ችግር ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀበትም። ለወይዘሮ ከበደችና ለጎተራ ጠባቂው ለጋሽ ቱሳ አስረዳቸው። መሣሪያዎች በገመድ ሲነጋገሩ መልእክታቸውን ፍሬም በሚባል ጥቅል ያሽጉታል። ከፊት የተቀባዩ አድራሻ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የላኪው። ከአድራሻዎቹ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ቦታ አለች፤ ቁጥር ነው የምትይዘው። ጣጣው ያለው እሷ ላይ ነው። በአንዱ አጻጻፍ ቁጥሯ «ውስጤ ያለው ነገር ዓይነቱ ይህ ነው» ትላለች። በሌላው አጻጻፍ «ውስጤ ያለው ነገር ርዝመቱ ይህን ያህል ነው» ትላለች።

«አንድ ቦታ ላይ ሁለት ነገር?» አሉ ወይዘሮ ከበደች። «ታዲያ በምን ይለያል?»

«በቁጥሩ። ከሺህ አምስት መቶ ካልበለጠ ርዝመት ነው። ከሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት ጀምሮ ከሆነ ዓይነት ነው። የሁለቱን ጎተራዎች ሙቀት የሚልኩት ሳጥኖች አዲስ ስለሆኑ ዓይነት ነው የሚጽፉት። የሽማግሌው ሳጥን ርዝመት ይጽፋል። አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ርዝመት የሚጽፈውን ማንበብ ትቷል። እየደረሰው ይጥለዋል።»

«ለምን ተወ?»

«የሚጠቀምበት ሰው የለም ተብሎ የሚያነብበው ኮድ ከሲስተሙ ተነሣ። እኔ እዚያ እያለሁ ነው። የሚጠቀም ካለ ይናገር ተብሎ ለሁሉም በኢሜይል ተጠይቆ ነበር። ብዙ ተጠብቆ የመለሰ የለም።»

«ለእኛ አልደረሰንም።»

«ለሁሉም ነው የተላከው፣ እትዬ።»

«እኛ ሁሉም ውስጥ የለንማ» አሉ ወይዘሮ ከበደች፣ ሳይቆጡ።

ጋሽ ቱሳ ኮፍያቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ። «ሳጥኑን ራሱን ቢጠይቁት ምን ነበረበት? ቀን ከሌት የሚለፈልፈው እሱ አይደል?»

እጅ ሰዶ ማየት የሚቻል ነገር ቢሆን ማንም ኮምፒውተር ባልፈለገ። ከላይ በመስኮቱ የሚገባው መፈተሻ ዘንግ የሚደርሰው እስከ ጎተራው ትከሻ ነው። ጭነት ሲወጣም የሚፈስሰው መጀመሪያ የመሃሉ ነው፤ ሥሩ የሚነካው መጨረሻ ላይ፣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከኋላ በኩል ሥሩን የምታሳይ ትንሽ በር አለች። ጎተራው ሙሉ ሳለ እሷን የከፈተ ግን ብዙ ገብስ ሜዳ ላይ ሳያፈስስ አይዘጋትም።

ቢሆንም ጋሽ ቱሳ መሰላሉን ወጥተው ዘንጉን ከተቱ። ነህምያ ከታች ሆኖ ጠበቃቸው። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ለብሶ አይታይም፤ የቆርቆሮው ግድግዳ በጠዋቱ ካፊያ ረጥቧል።

«እንዴት ነው ጋሽ ቱሳ?»

«ጋሪ» አሉ ከላይ።

ነህምያ ዞሮ ወደ ግቢው በር አየ። ጋሪ የለም፣ ፈረስም የለም።

ወይዘሮ ከበደች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። «ደህና ነው፣ ጥሩ ነው ነው የሚልህ። ኦሮምኛውን በአማርኛ ሰማኸው?»

«ጠፍቶብኝ ነው።»

«እዚሁ ተወልደህ? ለመሆኑ ጋሪውን ምን ልታደርገው ነበር፤ ልትሄድ ነው?»

«አላውቅም» አለ ነህምያ። እውነቱን ነው።

ሥራውን የሠራው በመጋዘኑ ቢሮ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የተነሣውን ኮድ ከድሮው ቅጂ ፈልጎ አወጣው፣ ከአዲሱ ጋር አገጣጠመው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና ገነባው። በመሃል መብራት እየሄደ ከመጀመሪያው አስጀመረው። አልተናደደም። ሲጀምርም አልደከመውም። እጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ እሱ የእጁን ሥራ ከዳር ሆኖ እንደሚያይ ሰው ነበር። አባቱ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ፊውዝ ይበይድ እንደነበር ጋሽ ቱሳ ነገሩት፤ ጠርዙ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳም አሳዩት። ጣቱን አሳረፈበት። እንጨት ነው።

አዲሱ ኮድ ቁጥሯን ያያል። ትልቅ ከሆነች ዓይነት ነው ይልና በለመደው መንገድ ይልከዋል። ትንሽ ከሆነች ርዝመት ነው ይልና በድሮው መንገድ ይልከዋል። ከሰዓት በኋላ በሰረዟ ቦታ ዘጠኝ ቁጥሮች ብቅ አሉ። ከጎተራው አናት እስከ ሥሩ፣ ከሙቀት መለኪያዎቹ አንድ አንድ ቁጥር። ሁሉም ከሃያ ዲግሪ በታች።

ወይዘሮ ከበደች ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ተመስገን» አሉ፣ ቀጥለውም ወደ ጮሌ የሚሄደው አይሱዙ በነጋታው ጠዋት እንዲመጣ ስልክ ደወሉ።

«ይኸው፣ የመርሻ ልጅ ከመርሻ አላነሰም» አሉ ጋሽ ቱሳ። «እሱም እንዲህ ነበር፤ ሥራው ሲሳካ ፊቱን ዘመድ እንደ ሞተበት ያጠቁረዋል።»

ነህምያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሁለቱ ወደ ጎተራዎቹ ሲወጡ፣ ለልማዱ ያህል ፍሬሙን እርቃኑን፣ እንደ መጣ፣ ስክሪኑ ላይ ዘረጋው። አድራሻዎቹ አሉ፣ ርዝመቷ አለች፣ ዘጠኙ ቁጥሮች አሉ። ከቁጥሮቹ በኋላ፣ ምንም መኖር በማይገባው ጭራ ላይ፣ በላቲን ፊደል አንድ ቃል ተጽፏል፤ መርሻ።

የራሱ ስም ነው። ፊንላንድ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ መርሻ ነበር። የቢሮ በሩ ላይ መርሻ፣ ደመወዙ ላይ መርሻ፣ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚያስገባው ስም መርሻ። አሁን የሚሠራበት ላፕቶፕም የሚያውቀው በዚያው ነው። ስለዚህ ነገሩ አልገረመውም። ከላፕቶፑ ማህደረ ትውስታ ሾልኮ የገባ ቁራጭ ነው፤ እሱ የጻፈው ኮድ አንድ ቦታ ሳያጸዳ ትቷል ማለት ነው። ተቀምጦ አጸዳ። ስሙ ግን አልጠፋም። እንደገና አጸዳ፤ አሁንም አለ። ከቁጥሮቹ ኋላ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም አለና ዘግቶት ወደ ቤቱ ሄደ።

በነጋታው አይሱዙው ገና ሳይመጣ ወይዘሮ ከበደች ቢሮ ገቡ። ማኅተማቸውን ይዘዋል።

«ከመፈረሜ በፊት አንዴ በዓይኔ ልየው» አሉ። «የተቀባባውን አይደለም። አንተ የምታየውን።»

ነህምያ እርቃኑን ፍሬም ዘረጋላቸው። ከቁጥሮቹና ከምልክቶቹ መሃል ሴትየዋ ማንበብ የቻሉት አንድ ነገር ነው። በላቲን ፊደል ኦሮምኛ ሲጽፉ የኖሩ ስለሆኑ ዓይናቸው ወዲያው አነሣው።

«አባትህን ምን አመጣው እዚህ?»

«አባቴ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ ነህምያ። «የኮምፒውተሬ ስም ነው። ሾልኮ ገብቶ ነው፣ አይረብሽም።»

«አንተ ነህምያ አይደለህም እንዴ?»

«እዚያ መርሻ ነበር የሚሉኝ። ከስም ቀጥሎ ያለውን ነው የሚጠሩት።»

«እንዴ። ታዲያ አባትህን ምን ይሉት ነበር?»

«አያውቁትም።»

ወይዘሮ ከበደች ስክሪኑን ትተው እሱን አዩት። በሩ ላይ ተደግፈው ይሰሙ የነበሩት ጋሽ ቱሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄማ የእሱ ነው» አሉ። «ሳጥኑ የተተከለ ዕለት ቆሜ ነበር። ሊተክል የመጣው ፈረንጅ ኃላፊው ማን ነው፣ ስሙ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ አለ። አባትህ መርሻ ብሎ ፊደሉን በጣቱ ለቀመ። የአባትስ ስም ቢለው፣ አባቴ እዚህ አይሠራም አለው። ፈረንጁ ግራ ገብቶት እኔን ያያል። ዓመቱን ሙሉ ሳቅንበት።»

ነህምያ አልሳቀም። ስሙን ለረጅም ጊዜ አየው። ያለው እዚያው ቦታ ነው፤ ስድስት ፊደል። ትናንት እሱ ነበር። ዛሬ አባቱ ሆነ።

ሐዘን የመጣ መስሎት ጠበቀ። አልመጣም። የመጣው ሌላ ሐሳብ ነው፣ ቀዝቃዛና ቀጥ ያለ። ስሙ የእሱ ካልሆነ ከላፕቶፑ አልሾለከም። ከሳጥኑ ነው የመጣው። ሳጥኑ ደግሞ የማንንም ስም እንዲልክ አልተጠየቀም። ታዲያ ለምን ላከው?

መልሱን ያውቀዋል። ፍሬም ከተወሰነ መጠን ማነስ አይፈቀድለትም። መልእክቱ ካጠረ ጎዶሎው በሆነ ነገር ይሞላል። ጨዋ መሣሪያ በዜሮ ይሞላዋል። ይህኛው ግን በእጁ በተገኘው፣ ድሮ ጽፎት ባልጠፋው ትራፊ ይሞላዋል። የአባቱ ስም ትራፊ ነው። ጥያቄው ትራፊው ከየት ይጀምራል የሚል ነው። ያንን የምትናገረው ደግሞ ያችው ከአድራሻዎቹ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ናት። እሱ ርዝመት መሆኗን ለይቶ አሳለፋት እንጂ ርዝመቱ ስንት ነው ብሎ አልጠየቃትም።

አሁን ጠየቃት። በጣቱ ስክሪኑ ላይ እየተከተለ ቆጠረ። መልእክቱ የሚያልቀው ከስድስተኛው ቁጥር በኋላ ነው።

«እትዬ፣ አይፈርሙ» አለ።

«ምን ሆነ?»

«የታችኞቹ ሦስት ቁጥሮች የሉም።»

«ይኸው እያየኋቸው?»

«የድሮ ናቸው። የታች መለኪያዎቹ ሞተዋል። ሳጥኑ ስድስት ብቻ ነው ያለኝ እያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የድሮ ትራፊ ነው፣ ከአባቴ ስም ጋር። እኔ ነኝ ዘጠኝ ብዬ ያነበብኩት።» ከትናንት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ያስቀመጣቸውን ንባቦች አወጣ። የላይኞቹ ስድስት በሌሊቱ ብርድ ትንሽ ወርደው በጠዋት ትንሽ ወጥተዋል። የታችኞቹ ሦስት አልተነቃነቁም።

«መለኪያ ምን ይገድለዋል?» አሉ ወይዘሮ ከበደች።

«ውኃ» አሉ ጋሽ ቱሳ ከበሩ። ወዲያው ደግሞ በራሳቸው ላይ ዘመቱ። «እኔ ደግሞ አናቱን ዳብሼ ጋሪ እላለሁ።»

ከውጭ የአይሱዙው ጡሩምባ ተሰማ። ወይዘሮ ከበደች ማኅተሙን ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ወጡ። ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ ለጮሌ ሰዎች ተነሥቻለሁ ብያለሁ እኮ» ሲላቸው፣ «ተቀመጥክ በላቸው» አሉት።

የኋላዋን በር ለመክፈት ብሎኖቿ ዝገው አስቸገሩ። ሸራ አነጠፉ፣ ጆንያ ደረደሩ። ጋሽ ቱሳ በመፍቻ የመጨረሻዋን ሲያላቅቁ በሩ ራሱ ገፍቶ ወጣ። መጀመሪያ ምንም አልፈሰሰም። ገብሱ በበሩ ቅርጽ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር፣ ተጋግሮ፣ ጠቁሮ። ጋሽ ቱሳ በአካፋ ወጉት። ተናደና ሸራው ላይ ተዘረገፈ፤ ከላዩም በጠዋቱ ብርድ ውስጥ እንፋሎት ተነሣ። ሽታው እንደ ቆየ እርሾ ነው።

ሾፌሩም ከመኪናው ወርዶ ሊያይ ቀረበ።

ወይዘሮ ከበደች እፍኝ ሙሉ ዘግነው አዩት፤ መልሰው አፈሰሱት። ሲናገሩ ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ነበር። «የላዩን ለብቻ እናወጣለን። ከየደረጃው ጥቂት ጥቂት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እናበቅለዋለን፤ የበቀለው ለዘር ይሄዳል። የሥሩ ለከብትም አይሆንም። ለጮሌ ሰዎች አይደርሳቸውም። ግማሻቸው አይደርሳቸውም።» ስልካቸውን አወጡና ቁጥር ሳይነኩ ያዙት። «ዛሬ ከነገርኳቸው ሌላ ቦታ የሚፈልጉበት ጊዜ አላቸው። ጥቂት ጊዜ አላቸው።»

«ትናንት ጭነን ቢሆን ኖሮ» አሉ ጋሽ ቱሳ፤ አልጨረሱትም።

«አልጫንንም» አሉ ወይዘሮ ከበደችና ስልኩን ይዘው ወደ አጥሩ ራቅ አሉ። በኦሮምኛ መነጋገር ጀመሩ። ነህምያ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ ሰማቸው። ዘር የሚለውን ለየ። የለም የሚለውን ለየ።

ወደ ቢሮው ገብቶ ኮዱን ማረም ነበረበት። አንድ መስመር ነው። ርዝመቷ እስካለችበት አንብብ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁረጥ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በስክሪኑ ላይ ስድስት ቁጥርና ሦስት ሰረዝ ይሆናል። ስሙም አይታይም፤ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እየተላከ፣ እየተቆረጠ ይኖራል። ይህን ሁሉ አሰበና አልተነሣም። ሸራው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን እስከ ክንዱ ገብሱ ውስጥ ከተተ።

«እጅህን አውጣ፣ አይለቅህም ይሄ ሽታ» አሉት ጋሽ ቱሳ።

«ይሞቃል» አለ ነህምያ።

«አዎ፣ ይሞቃል። ስለ ሞተ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። እጁን አላወጣም። አካፋው እስኪደርስበት እዚያው አቆየው።